ብሉም ሲንድሮም፦ የዲኤንኤን ቋጠሮ የሚፈታው ኢንዛይም ሲጎድል

ብሉም ሲንድሮም ከሁለቱም ወላጆች በሚወረስ የጂን ለውጥ ምክንያት የሚመጣ በጣም ብርቅ በሽታ ነው። ስያሜውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1954 ስለ በሽታው ከጻፈው የኒውዮርክ የቆዳ ሐኪም ዴቪድ ብሉም ነው። በመላው ዓለም በሕክምና መዝገብ የታወቁት ታማሚዎች ጥቂት መቶ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ልጅዎን የሚያየው ሐኪም በሽታውን ከዚህ በፊት አጋጥሞት ላያውቅ ይችላል። የበሽታውን አመጣጥ እርስዎ ማወቅዎ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ለሌላ ልጅ እምብዛም የማያሰጉ ምርመራዎችና ሕክምናዎች ይህን ልጅ ሊጎዱት ይችላሉ።

ቋጠሮው ምንድን ነው?

በሴሎቻችን ውስጥ ያለው ዲኤንኤ እንደ ገመድ የተጠማዘዙ ሁለት ክሮች ነው። መልእክቱ የተጻፈው ኤ፣ ቲ፣ ሲ እና ጂ በሚባሉ አራት “ፊደላት” ነው። ሴል ለሁለት ከመከፈሉ በፊት ዲኤንኤውን ይገለብጣል፤ ለዚህም ሁለቱ ክሮች መለያየት አለባቸው።

ጂ የተባለው ፊደል በተደጋገመበት ቦታ ላይ ግን ከጥንዱ የተላቀቀው ክር ዝም ብሎ አይቀመጥም። በራሱ ላይ እየታጠፈ እንደ ጋቢ አራት ፈርጅ ይሆናል። አራት ጂዎች ገጥመው ጠፍጣፋ ካሬ ይሠራሉ፤ ካሬዎቹ ይደራረባሉ፤ በመካከላቸው የምትገባ የፖታሺየም ቅንጣት አጥብቃ ታያይዛቸዋለች። ይህ ቅርጽ ጂ-ኳድሩፕሌክስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሰው ሴል ውስጥ መኖሩን በምስል አሳይተዋል።

ቋጠሮው በራሱ በሽታ አይደለም፤ በጤነኛ ሰው ሴል ውስጥም ይገኛል። ፖታሺየም ስለተጠቀሰ ደግሞ ሙዝ ወይም ድንች ከልጅዎ አይከልክሉ። ሴል በውስጡ ያለውን ፖታሺየም ራሱ ይቆጣጠራል፤ ምግብ በመቀነስ ቋጠሮው አይላላም።

ሄሊኬዝ እንዴት ይፈታዋል?

ሄሊኬዝ የዲኤንኤን ክሮች የሚፈቱ ኢንዛይሞች የጋራ ስም ነው። በብሉም ሲንድሮም የሚጎድለው ቢኤልኤም የተባለው ነው። የሚሠራበት መመሪያ 15ኛው ክሮሞዞም ላይ ሲገኝ፣ ጂኑ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው።

ቢኤልኤም በቋጠሮው አጠገብ ያለውን ነጠላ ክር ይይዛል። ኤቲፒ የተባለውን የሴል ነዳጅ እያቃጠለ በክሩ ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ይራመዳል። ቋጠሮው ጋ ሲደርስ ክሩን እየጎተተ ያወጣዋል፤ ካሬዎቹ ይፈርሳሉ፤ መገልበጡም ይቀጥላል። ከተቃራኒው አቅጣጫ የሚመጡ ሄሊኬዞችም አሉ። ከእነሱ አንዱ ፋንክ-ጄ ነው፤ እሱ ሲጎድል የሚመጣው ፋንኮኒ አኒሚያ የተባለ ሌላ በሽታ ነው።

ቢኤልኤም ሳይኖር ሌሎቹ ሄሊኬዞች ሥራውን በከፊል ይሸፍናሉ። ያልተፈታው ቋጠሮ ግን ገልባጩን ያስቆመዋል፤ ክሩም ሊበጠስ ይችላል። ሴሉ የተበጠሰውን የሚጠግነው ከጎኑ ካለው መንትያ ቅጂ ነው፤ በዚህ ጊዜ ቅጂዎቹ ቁራጭ ይለዋወጣሉ። በጥገና ወቅት የተጠላለፉትን ክሮች ሳይለዋወጡ የሚለየውም ቢኤልኤም ስለነበር፣ ጉዳቱ ድርብ ነው። በታማሚው ሴሎች ውስጥ ልውውጡ ከጤነኛ ሰው 10 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ላቦራቶሪ ይህን በደም ናሙና አይቶ በሽታውን ሊለይ ይችላል፤ የጂን ምርመራም አለ። ስህተቱ በብዙ ሴሎች ለዓመታት ሲጠራቀም ካንሰር ያስከትላል፤ ካንሰሩም ብዙውን ጊዜ በወጣትነት ይመጣል።

ምልክቶቹ

ልጁ ሲወለድ ትንሽ ነው፤ ካደገም በኋላ አጭርና ቀጭን ሆኖ ይቀጥላል። ፀሐይ ሲነካው ጉንጩና አፍንጫው ላይ ሽፍታ ይወጣል፤ በጥቁር ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ላይጎላ ይችላል። የጆሮና የሳንባ ኢንፌክሽን ይመላለስበታል። የስኳር በሽታም ከተለመደው ዕድሜ ቀድሞ ሊይዘው ይችላል። የማሰብ ችሎታ አብዛኛውን ጊዜ ጤናማ ነው።

ወላጆች አንዳንድ የተለወጠ ጂን ቢይዙም አይታመሙም። ሁለቱም ተሸካሚ ከሆኑ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ የመታመም ዕድሉ ከ4 አንድ ነው። ተሸካሚዎች በብዛት የሚገኙት ከአሽከናዚ አይሁዶች መካከል ሲሆን፣ ከ100 ሰዎች አንዱ ገደማ ተሸካሚ ነው። በሽታው ግን በሌሎች ሕዝቦችም ይታያል፤ በተለይ ወላጆች የሥጋ ዘመድ ሲሆኑ።

ምን ማድረግ ይችላሉ?

የጎደለውን ኢንዛይም የሚተካ መድኃኒት የለም። ስለዚህ ዋናው ሥራ ዲኤንኤን ከተጨማሪ መበጠስ መጠበቅና ካንሰርን በጊዜ መያዝ ነው።

ራጅና ሲቲ ስካን ዲኤንኤን ስለሚበጥሱ፣ ምርመራ ሲታዘዝ በአልትራሳውንድ ወይም በኤምአርአይ መተካት ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ። የካንሰር ሕክምና ካስፈለገ የኬሞቴራፒው መጠን አብዛኛውን ጊዜ መቀነስ አለበት፤ የጨረር ሕክምናም በተቻለ መጠን ይወገዳል። ይህን ያላወቀ ሐኪም የተለመደውን መጠን ቢሰጥ ጉዳቱ ለሞት ሊያደርስ ይችላል።

የሕክምና መመሪያዎች እስከ 8 ዓመት ዕድሜ ድረስ በየ3 ወሩ የሆድ አልትራሳውንድ፣ ከ10 እስከ 12 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ ደግሞ በየዓመቱ የትልቁ አንጀት ምርመራ እንዲደረግ ይመክራሉ። ያልታሰበ ክብደት መቀነስ፣ የማይለቅ ትኩሳት ወይም ያበጠ ንፍፊት ካዩ ቀጠሮ አይጠብቁ። ልጁ ከቤት ሲወጣ ሰፊ ኮፍያና የፀሐይ መከላከያ ቅባት ይጠቀም።

የበሽታው ስም ከጨረርና ከኬሞቴራፒ ማስጠንቀቂያው ጋር በልጁ የሕክምና ካርድ ላይ እንዲጻፍ ያድርጉ። በድንገተኛ አደጋ ጊዜ ግን ሐኪሙ የልጁን ሕይወት ለማዳን ራጅ የግድ ነው ካለ አይከልክሉ።