የመንደሩን ውሃ ማን ይክፈልለት?
በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የእንግሊዝ ገጠር ምክር ቤቶች፣ ጉድጓዱና ቦዩ

የኅብረት ሥራ ማኅበራት ታሪክ በተነሳ ቁጥር በሰሜን እንግሊዝ በሮችዴል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1844 ሱቅ የከፈቱት 28 ሰዎች ሳይጠቀሱ አይታለፉም። በየሥልጠናው ስለሚነገር አብዛኛው የማኅበር አባል ታሪኩን በቃሉ ያውቀዋል። ብዙም የማይነገረው በዚያው አገርና በዚያው ዘመን የገጠሩ ሕዝብ ስለሚጠጣው ውሃና ከደጁ ስለሚያስወግደው ፍሳሽ የተደረገው ረጅም ክርክር ነው። ዱቄትና ቅቤን ፈቃደኛ የሆኑ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው ሊገዙ ይችላሉ። የመንደር ቦይ ግን አንዱ ቆፍሮ ጎረቤቱ እምቢ ካለ ከንቱ ድካም ነው። በመሆኑም ሥራው በአካባቢ ምክር ቤቶች እጅ መውደቁ አልቀረም።

ዘመኑ አፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤ የጻፉላቸው የንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን፣ ማለትም ከ1837 እስከ 1901 ያለው ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

“ገጠሩ ጤነኛ ነው”

በ1842 ኤድዊን ቻድዊክ የተባሉ ባለሥልጣን ስለ ሠራተኛው ሕዝብ ጤናና ንጽህና ዝነኛ ሪፖርት አቀረቡ። በሪፖርቱ መሠረት በፋብሪካ ከተማዋ ማንቸስተር የሠራተኛ ቤተሰብ አባላት አማካይ የሞት ዕድሜ 17 ዓመት ሲሆን፣ በገጠሩ በራትላንድ 38 ዓመት ነበር። ቁጥሮቹ ይህን ያህል የወረዱት ሕፃናት በብዛት ይሞቱ ስለነበር ነው። ንጽጽሩ ከተማውን ሲያስደነግጥ ገጠሩን አስተኛው። 38 ዓመት ግን የሚያኮራ ዕድሜ አልነበረም። በ1848 የወጣው የሕዝብ ጤና ሕግም ዓይኑን የጣለው በዋናነት በከተሞች ላይ ነበር።

መንደሩ ሲታይ ደግሞ ሁኔታው ሌላ ነው። በርካታ ጎጆዎች አንድ ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ ይጋራሉ። ከጉድጓዱ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ መጸዳጃው፣ ከእሱ ጎን የአሳማ በረትና የፍግ ክምር አለ። አፈሩ አሸዋማና ጠጠራማ ሲሆን ዝናብ ሁሉን አጥቦ ወደ ውሃው ያወርደዋል። ውሃው ግን ጥርት ያለ፣ ለጉሮሮ የሚጣፍጥ ሊሆን ይችላል፤ ችግሩም ይኸው ነበር።

የመንደር ውሃ ሰው እንደሚገድል በደንብ ካስረዱት አንዱ ዶክተር ዊልያም በድ ናቸው። በ1839 በዴቮን አውራጃ በተወለዱባት በኖርዝ ቶውተን ታይፎይድ ገባ። ከጁላይ እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ ብቻ ከ80 በላይ ሕሙማንን አከሙ። በዚያን ጊዜ ብዙ ሐኪሞች በሽታ የሚመጣው ከቆሻሻ ከሚነሳ መጥፎ ሽታ ነው ብለው ያምኑ ነበር። በድ ግን በመንደሩ ፍጉም ክምሩም ሽታውም ከጥንት ጀምሮ እንደነበረ፣ ታይፎይዱ ግን የመጣው በሽተኛ ከመጣ በኋላ መሆኑን ተመለከቱ። ታመው ከመንደሩ የወጡ ሠራተኞች በደረሱበት ሁሉ በሽታው ተከተላቸው። ስለዚህ መርዙ ያለው ከበሽተኛው አንጀት በሚወጣው ውስጥ ነው፤ የሚተላለፍበትም ዋና መንገድ መጸዳጃውና የመጠጥ ውሃው ነው ሲሉ ደመደሙ። ይህንን ሁሉ አጠቃለው በመጽሐፍ ያሳተሙት በ1873 ነው።

በዚህ መካከል በ1867 መጨረሻ በኤሴክስ አውራጃ በተርሊንግ መንደር የሆነው ሲታይ “ገጠሩ ጤነኛ ነው” ማለት የሚያዋጣ አልነበረም። 900 ያህል ነዋሪ ባላት መንደር 300 ገደማ ሰው በታይፎይድ ታመመ፤ ከ40 በላይ ሞተ። ከመንግሥት የተላኩት መርማሪ ሐኪም ያገኙት ያው የተለመደውን ነው፤ ከረጅም ድርቀት በኋላ ውሃቸው ከፍ ያለ ጉድጓዶችና በዙሪያቸው የተከማቸ እዳሪ።

የፎርዲንግተኑ ቄስ አፈር

ለገበሬ አንባቢ ከሁሉ የሚስበው የቄስ ሄንሪ ሙል ታሪክ ሳይሆን አይቀርም። ሙል በዶርሴት አውራጃ የፎርዲንግተን ደብር አገልጋይ ነበሩ። በ1854 ከለንደን ሚልባንክ እስር ቤት ወደዚያ የመጡ እስረኞች ልብስ ለመንደሩ ሴቶች እንዲያጥቡት ተሰጠ፤ ኮሌራም አብሮ ገባ። ድሆቹ የሚኖሩበት መሬት የንጉሣውያን ቤተሰብ ርስት በመሆኑ ቄሱ ለንግሥቲቱ ባል ለልዑል አልበርት ስምንት ደብዳቤ ጽፈው አቤት አሉ፤ ደብዳቤዎቹንም አሳተሟቸው።

ከአቤቱታው በላይ የሠራው ግን ሙከራቸው ነው። የቤታቸውን የመጸዳጃ ጉድጓድ ደፍነው እዳሪውን በባልዲ እያወጡ በደረቅ አፈር ይቀብሩት ጀመር። ከሦስት አራት ሳምንት በኋላ ሲቆፍሩት የእዳሪ ምልክትም ሽታም አልነበረውም። ያንኑ አፈር አድርቀው ደጋግመው ተጠቀሙበት። በ1860 ከመቀመጫው ጀርባ አፈር የሚያዝበት ሳጥን ያለው፣ እጀታው ሲሳብ የተመጠነ ደረቅ አፈር የሚያፈስ መጸዳጃ በስማቸው ተመዘገበ። ወንዝም ቧንቧም አይፈልግም። በጎረቤት ገበሬ ማሳም ተሞክሮ ነበር፤ ግማሹ ማሳ በዚህ አፈር፣ ግማሹ በእኩል ክብደት በሱፐርፎስፌት ማዳበሪያ ተለምቶ ቀይ ሥር መሰል የከብት መኖ ተዘራበት። በአፈሩ የለማው በሲሶ በልጦ ተገኘ። የዛሬው የኮምፖስት ሥልጠና ከዚህ ብዙም የራቀ አይደለም። በተግባር ያስቸገረው አፈሩን በየጊዜው አድርቆ የሚያቀርብና የሞላውን የሚያወጣ ሰው ማግኘት ነው።

ሕጉ ወጣ፣ ኪሱ ተዘጋ

ስለ ቦይ ቴክኒክ እጥረት አልነበረም። ከ1840ዎቹ ጀምሮ የሸክላ ቱቦ በማሽን ይመረት ነበር። በ1846 መንግሥት ለመሬት ባለቤቶች የእርሻ ማሳ ማጠንፈፊያ የሚሆን 2 ሚሊዮን ፓውንድ ብድር ፈቀደ። በብዙ ቦታ የስንዴ ማሳው ቦይ ከጎጆው ቦይ ቀደመ ማለት ነው።

በ1872 የወጣው ሕግ ገጠሩን በሙሉ በወረዳ ከፋፍሎ የንጽህናና የውሃን ኃላፊነት ለድሆች መርጃ ቦርዶች ሰጠ። እነዚህ ቦርዶች የሚመሩት የአጥቢያዎች ስብስብ በእንግሊዝኛ “ዩኒየን” ይባል ነበር፤ በስም እንጂ በሥራ ከገበሬዎች ዩኒየን ጋር አይገናኝም። በ1834 ሲቋቋሙ ዓላማቸው ድሃን በትንሽ ወጪ ማስተዳደር ነበርና ቁጠባ ልማዳቸው ነው። አባላቱ በአብዛኛው ግብሩን የሚከፍሉት ባለ እርሻዎች ሲሆኑ፣ በምርጫውም አንድ ሀብታም እንደ ባለቤትና እንደ ተከራይ ተቆጥሮለት እስከ 12 ድምፅ ሊኖረው ይችል ነበር። የጤና መኮንንና የንጽህና ተቆጣጣሪ መቅጠር ግዴታቸው ሆነ። የጤና መኮንኑ ብዙ ጊዜ የአካባቢው ሐኪም ነበር፤ ጉድጓድህ ይዘጋ የሚለው ሰው ራሱ የሚያክመው ደንበኛው ነው። ሥራው እንዴት ደፋር ሊሆን ይችላል?

ዋናው እንቅፋት ግን የተቀመጠው በ1875ቱ ሕግ የሂሳብ አንቀጽ ውስጥ ነው። የሠራተኛ ደመወዝና የመሳሰለው የወረዳው ሁሉ የጋራ ወጪ ሆኖ ሳለ፣ የቦይና የውሃ ሥራ “ልዩ ወጪ” ተባለና ሥራው በተሠራበት አጥቢያ ላይ ብቻ እንዲጣል ተደረገ። በዚያ ላይ የእርሻና የግጦሽ መሬት ለዚህ ግብር የሚገመተው በሩብ ዋጋው ብቻ ነበር። 40 ጎጆ ያላት አንዲት መንደር ቧንቧ ብትፈልግ ሸክሙን ያለ ጎረቤት እገዛ ትሸከማለች፤ ከዚያም የቤት ባለቤቱ ከባለ ማሳው ይልቅ ይከብደዋል። ከመንግሥት ፈቃድ ጋር እስከ 60 ዓመት የሚከፈል ብድር መውሰድ ይቻል ነበር። ሆኖም 60 ዓመት የሚቆይ ዕዳ በትንሽ መንደር ላይ ለመጫን እጅ የሚያወጣ የቦርድ አባል ማግኘት ቀላል አልነበረም።

በ1878 የወጣው የውሃ ሕግ አንድ እርምጃ ጨመረ። ማንኛውም ሰው የሚኖርበት የገጠር ቤት በአቅራቢያው ንጹህ ውሃ እንዲያገኝ ማድረግ የቦርዱ ግዴታ ሆነ፤ አዲስ ቤትም የውሃ ማረጋገጫ ሳይሰጠው ሰው እንዳይገባበት ተከለከለ። የቤቱ ባለቤት ሊገደድ የሚችለው ግን በተመጣጣኝ ወጪ ነው። ተመጣጣኙም ተሰልቷል፤ በዓመት 5 በመቶ ወለድ ሲታሰብ በሳምንት 2 ፔኒ የሚመጣበት ገንዘብ ነው። ሲባዛ 8 ፓውንድ ከ13 ሺሊንግ ከ4 ፔኒ ይሆናል፤ በልዩ ፈቃድ እስከ 3 ፔኒ ሂሳብ ሊደርስ ይችላል። ውሃው ቅርብ በሆነበት ይህ ገንዘብ ይበቃል፤ ጥልቅ ጉድጓድ በሚያስፈልግበት ከፍታ ግን ለጅማሬም አይሆንም።

ጥልቀቱ ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል ከዚያ ቀደም ብሎ በኦክስፎርድሻየር በስቶክ ሮው መንደር ታይቷል። ውሃ እጅግ የሚቸግራት ይህች መንደር ጉድጓድ ያገኘችው ከህንድ፣ ከቤናሬስ ማሃራጃ ነው። በህንድ ያገለገሉት የአካባቢው ተወላጅ ኤድዋርድ ሪድ የአገራቸውን የውሃ ችግር ለማሃራጃው አጫውተዋቸው ነበር። ማሃራጃው በከፈሉት ገንዘብ በእጅ የተቆፈረው ጉድጓድ 112 ሜትር ገደማ ወርዶ በ1864 ተመረቀ። ከዚህም የሚልቀው ለጥገናው የታሰበው ነው፤ የቼሪ ተክል ቦታ ተያይዞለት ከፍሬው ሽያጭ የሚገኘው ገቢ ጉድጓዱን እንዲጠብቅ ተደረገ።

ወተቱ ከተማ ሲደርስ

ከተማው ስለ ገጠሩ ጉድጓድ መጨነቅ የጀመረው በገዛ ወተቱ ሲታመም ነው። በ1873 በለንደን ሜሪለቦን ሰፈር የተነሳው ታይፎይድ ሲመረመር ፈለጉ በበኪንግሃምሻየር ወደሚገኝ አንድ የወተት እርሻ አመራ። የእርሻው ባለቤት በዚያው በሽታ ሞቶ ነበር፤ የወተት ዕቃ የሚታጠብበት ጉድጓድም ተበክሎ ተገኘ። በ1885 የወጣው ደንብ የወተት ነጋዴዎች እንዲመዘገቡና የአካባቢ አስተዳደሮች የበረቶችን ውሃና ፍሳሽ እንዲቆጣጠሩ መንገድ ከፈተ። ለጎጆው ውሃ እጁን ያላወጣ ባለ እርሻ ለገበያው ሲል ጉድጓዱን ማጽዳት ግድ ሆነበት።

የአስተዳደሩ መልክ በእርግጥ የተለወጠው በ1894 ነው። የወረዳና የአጥቢያ ምክር ቤቶች ተቋቋሙ፤ የድምፅ ብልጫው ቀረ፤ ለመመረጥ ንብረት መቁጠር ቀረ፤ ባለትዳር ሴቶችም ጭምር መምረጥና መመረጥ ቻሉ። ባልዲ ተሸክመው የሚመላለሱት እነሱ ነበሩና ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በዚያው ዓመት በዲሴምበር በተደረገው የመጀመሪያ ምርጫ የቀን ሠራተኞች ከቀጣሪዎቻቸው ጎን ወንበር ያዙ።

የአጥቢያ ምክር ቤቱ በክልሉ ያሉ ምንጮችንና ጉድጓዶችን ማጎልበት፣ የረጋ ኩሬና ክፍት ቦይ ማጽዳት ይችል ነበር። ወረዳው ቦይ ወይም ውሃ ሊሠራለት ሲገባ ከተኛ ለአውራጃ ምክር ቤት መክሰስም ይችላል። ያለ ሕዝቡ ስብሰባ ፈቃድ ሊጥል የሚችለው ግብር ግን ከአንድ ፓውንድ ግምት 3 ፔኒ ብቻ ነው። በዚህ ገንዘብ የእጅ ፓምፕ ይተከላል፣ ምንጭ በድንጋይ ይከደናል፤ ቧንቧ ግን አይዘረጋም። ልዩ ወጪ የሚለው አንቀጽም በቦታው ነበር። በ1934 ለገጠር ውሃ 1 ሚሊዮን ፓውንድ የመንግሥት ድጎማ ተፈቀደ። በ1944፣ ገና ጦርነቱ ሳያልቅ፣ ለእንግሊዝና ለዌልስ ገጠር ውሃና ፍሳሽ 15 ሚሊዮን ፓውንድ ተመደበ፤ ንግሥቲቱ ካረፉ 43 ዓመት ሆኗቸው ነበር።