የውሻና የድመት የቆዳ ችግሮች የቤት ውስጥ ሕክምና

የውሻና የድመት የቆዳ ችግሮች የቤት ውስጥ ሕክምና የሚባለው የእንስሳቱ ባለቤቶች በቤት ውስጥ በሚገኙ ነገሮች ማሳከክን፣ ቁስልን፣ የጸጉር መርገፍንና ጥገኛ ተባዮችን ለማስታገስ ወይም ለማከም የሚያደርጉት እንክብካቤ ነው። ከዘዴዎቹ አንዳንዶቹ በእርግጥ ይጠቅማሉ፤ ሌሎቹ ብዙ ለውጥ አያመጡም፤ ጥቂቶቹ ደግሞ እንስሳውን ሊገድሉ ይችላሉ። ማሳከክ ራሱን የቻለ በሽታ ሳይሆን የብዙ በሽታዎች ምልክት ስለሆነ የትኛውም ዘዴ የሚሠራው መንስኤው ከታወቀ ብቻ ነው።

የቆዳው ተፈጥሮ

የውሻና የድመት ቆዳ የላይኛው ሽፋን ከሰው ቆዳ ሽፋን ይሳሳል። የውሻ ቆዳ አሲዳማነቱም ከሰው ቆዳ ያነሰ ነው። በዚህ ምክንያት ለሰው የተዘጋጀ ሳሙናና ሻምፑ በተደጋጋሚ ሲጠቀሙበት ቆዳውን ያደርቃል፤ ማሳከኩንም ያብሳል። ሁለቱም እንስሳት ሰውነታቸውን ስለሚልሱ በቆዳቸው ላይ የተቀባ ነገር ሁሉ ወደ ሆዳቸው ይገባል። የድመት ጉበት ደግሞ ብዙ መድኃኒቶችንና ኬሚካሎችን በሰው ወይም በውሻ ጉበት ፍጥነት ሰባብሮ ማስወገድ አይችልም። ስለዚህ ለውሻ የተስማማ መድኃኒት ለድመት መርዝ ሊሆን ይችላል።

የተለመዱ መንስኤዎች

ቁንጫ፦ በውሻም በድመትም ላይ በብዛት የሚገኘው «የድመት ቁንጫ» የሚባለው ዝርያ ነው። በእንስሳው ላይ የሚታዩት አዋቂ ቁንጫዎች በቤቱ ውስጥ ካለው የቁንጫ ብዛት ጥቂቱ ብቻ ናቸው፤ እንቁላሉና እጩ በምንጣፍ፣ በመኝታና በወለል ስንጥቅ ውስጥ ነው። ቁንጫ መኖሩን ለማወቅ ከጸጉሩ የተበጠረውን ጥቁር ብናኝ እርጥብ ነጭ ሶፍት ላይ ማድረግ ይቻላል። ብናኙ ቀላ ብሎ ከተሰራጨ የቁንጫ ኩስ ነው፤ ቅላቱ ቁንጫው የመጠጠው ደም ነው።

እከክ፦ የመዥገርና የሸረሪት ዘመድ በሆነ፣ በዓይን በማይታይ ተባይ ይመጣል። በውሻ ላይ በአብዛኛው ከጆሮ ጠርዝ፣ ከክርንና ከሆድ ይጀምራል፤ ከባድ ማሳከክም አለው። ሌላው ዓይነት፣ ዴሞዴክስ የሚባለው፣ በቡችሎች ላይ እዚህም እዚያም መላጣ ያወጣል። ይህኛው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ በትንሽ ቦታ ሲወሰንም ብዙ ጊዜ በራሱ ይድናል።

የጆሮ ተባይ፦ በተለይ በድመት ግልገሎች ላይ የተለመደ ነው። በጆሮ ውስጥ የቡና አተላ የሚመስል ጥቁር ቆሻሻ ይታያል።

ጭርት፦ የፈንገስ በሽታ ነው። ክብ መላጣና ቅርፊት ያወጣል፤ በድመት ላይ ግን ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል።

አለርጂ፦ ከቁንጫ ምራቅ፣ ከምግብ፣ ከአቧራ ወይም ከአበባ ብናኝ ሊመጣ ይችላል።

ጠቃሚ የሆኑ ዘዴዎች

ማጠብ፦ ለብ ባለ ውሃ ማጠብ አቧራን፣ ቅርፊትንና የተወሰኑ ቁንጫዎችን ያስወግዳል፤ ማሳከክንም ለጊዜው ያበርዳል። ለእንስሳት የተዘጋጀ ክሎርሄክሲዲን ያለበት ሻምፑ ሲገኝ ከመታጠቡ በፊት 10 ደቂቃ ያህል በቆዳው ላይ መቆየት አለበት።

አጃ፦ በደንብ የላመ የአጃ ዱቄት ለብ ባለ ውሃ ተበጥብጦ የሚያሳክክ ቆዳ ላይ ሲፈስና ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሲቆይ ቆዳውን ያለሰልሳል። ማሳከክን ያስታግሳል እንጂ ተባይ ወይም ፈንገስ አይገድልም።

የጨው ውሃ፦ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው በግማሽ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ከሰውነት ፈሳሽ ጋር የሚቀራረብ ጨዋማነት ይኖረዋል። ትንሽ ቁስል ለማጠብ ከአልኮልና ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይሻላል፤ እነዚህ ሁለቱ የሚድነውን ሥጋም ይጎዳሉ።

ማበጠር፦ ጥርሱ በተቀራረበ ማበጠሪያ በየቀኑ አበጥሮ የወጡትን ቁንጫዎች የሳሙና ውሃ ውስጥ መድፋት ለትንንሽ ግልገሎች አስተማማኙ ዘዴ ነው።

ቤቱን ማጽዳት፦ የእንስሳውን መኝታ በሙቅ ውሃ ማጠብ፣ ወለሉን በየጊዜው መጥረግና ጠራጊውን ወዲያው ማስወገድ ቁንጫን ይቀንሳል። ቤቱ ሳይጸዳ እንስሳው ብቻ ከታከመ ቁንጫው ይመለሳል።

ባህላዊ መድኃኒቶች

በኢትዮጵያ የእንስሳትን የቆዳ በሽታ በዕፅዋት ማከም የቆየ ልማድ ነው። የብሳና ቅጠል ጭማቂ ለጭርት ይቀባል። ሬት ለቁስልና ለቃጠሎ ያገለግላል። የሬት የውስጡ ልጥ ፈሳሽ ቆዳን ሲያቀዘቅዝ፣ ከልጣጩ ሥር ያለው ቢጫና መራራ ፈሳሽ ግን ሲላስ ማስመለስና ተቅማጥ ያመጣል። እንዶድ አረፋ የሚሰጠው ሳፖኒን የሚባል ንጥረ ነገር ስላለው ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በአድዋ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው ለብልሃርዝያ ምርምራቸው መነሻ ሆኗል። ይሁን እንጂ እንዶድ ዓይን ይለበልባል፤ ሲዋጥም መርዛማ ነው። ራሱን ለሚልስ እንስሳ ደኅንነቱ የተጠበቀ አይደለም።

አደገኛ የሆኑ ዘዴዎች

የተቃጠለ የሞተር ዘይትና ነጭ ጋዝ፦ ለእከክ መቀባታቸው የተለመደ ቢሆንም ቆዳን ያቃጥላሉ። እንስሳው ሲልሳቸው ወደ ሳንባ ገብተው የሳንባ ምች ሊያስከትሉ ይችላሉ። በሞተር ዘይት ውስጥ ከባድ ብረቶችም አሉ።

ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት፦ ቁንጫን ያባርራሉ ተብለው ከምግብ ጋር ይሰጣሉ። በውሻና በድመት ቀይ የደም ሕዋሳትን ስለሚያፈርሱ ደም ማነስ ያመጣሉ፤ ድመት ይበልጥ ትጎዳለች።

የከብትና የሰብል ፀረ ተባይ፦ ዲያዚኖንና ማላታይን በቆዳ በኩል ወደ ደም ይገባሉ። የምራቅ መዝረክረክ፣ መንቀጥቀጥና የመተንፈስ ችግር የመመረዝ ምልክቶች ናቸው።

ፐርሜትሪን፦ በብዙ የውሻ ቁንጫ መድኃኒቶች ውስጥ ይገኛል፤ ድመትን ግን ያንቀጠቅጣል፣ ሊገድልም ይችላል። በስህተት የተቀባባት ድመት ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ታጥባ ወዲያው ወደ ሐኪም መወሰድ አለባት።

የከብት አይቨርሜክቲን፦ እከክን ይገድላል፤ ችግሩ መጠኑ ነው። 1 በመቶ የሆነው መርፌ 1 ሚሊ ሊትሩ 50 ኪሎ ለሚመዝን ከብት የሚሰጥ ነው። ይኸው 1 ሚሊ ሊትር 5 ኪሎ ለሚመዝን ቡችላ ሲሰጥ መጠኑ ለክብደቱ አሥር እጥፍ ይሆናል። ኮሊና መሰል የእረኛ ውሻ ዝርያዎች ደግሞ በዘር በሚወርሱት ባሕርይ ምክንያት በአነስተኛ መጠንም ሊመረዙ ይችላሉ።

የሰው የሕመም ማስታገሻ፦ ፓራሲታሞል ለድመት በፍጹም አይሰጥም፤ አንድ ፍሬ እንኳ ሊገድላት ይችላል።

ወደ ሰው የሚተላለፉ

ጭርት በቀላሉ ወደ ሰው፣ በተለይም ወደ ሕፃናት ይተላለፋል። የፈንገሱ ዘር በቤት ዕቃና በጸጉር ላይ ከአንድ ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። የውሻ እከክ በሰው ላይ የሚያሳክክ ሽፍታ ቢያወጣም ውሻው ሲታከም አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል። ቁንጫ የዋጠ ውሻ፣ ድመት ወይም ሕፃን የኮሶ ትል ዓይነት ሊይዘው ይችላል። የታመመውን እንስሳ በጓንት መንካት፣ እጅን በሳሙና መታጠብና ከሕፃናት መኝታ ማራቅ ያስፈልጋል።

ሐኪም የሚያስፈልግበት ጊዜ

የቤት ውስጥ እንክብካቤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ለውጥ ካላመጣ፣ መላጣው ከሰፋ፣ ቁስሉ ከመገለ ወይም ከሸተተ፣ እንስሳው መብላት ካቆመ እንስሳው ወደ እንስሳት ሐኪም መወሰድ አለበት። ሐኪሙ ቆዳውን ፍቆ በማይክሮስኮፕ በማየት እከክን ከጭርትና ከአለርጂ ይለያል። ድዷ የነጣና ቁንጫ የበዛባት ግልገል በደም ማነስ ልትሞት ስለምትችል ሳምንት አይጠበቅላትም።

ቁስሉ የመጣው ካልታወቀ ውሻ ንክሻ ከሆነ ጉዳዩ የቆዳ ችግር ብቻ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም ሊባል ይችላል። የተነከሰው እንስሳ ያለ ጓንት አይነካም፤ ለእንስሳት ሐኪምም ወዲያው ይነገራል። የተነከሰ ሰው ደግሞ ቁስሉን ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ አጥቦ በዚያው ቀን ለክትባት ወደ ጤና ተቋም ይሄዳል።