በዱባይ የቤት ኪራይ ውል እድሳት፦ የ90 ቀናቱ ማስታወቂያና የነባር ተከራዮች መብት

በዱባይ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በአብዛኛው ለ1 ዓመት የሚፈረም ቢሆንም፣ የውሉ ጊዜ ማብቃት ብቻውን ተከራዩን ቤት እንዲለቅ አያስገድደውም። የአከራይና ተከራይን ግንኙነት የሚመራው እ.ኤ.አ. የ2007 ሕግ ቁጥር 26 እና ማሻሻያው የሆነው የ2008 ሕግ ቁጥር 33 ለዚህ ግልጽ ድንጋጌ አላቸው። ውሉ ካበቃ በኋላ አከራዩ ሳይቃወም ተከራዩ በቤቱ መኖሩን ከቀጠለ፣ ውሉ በነበሩት ቃሎች ለተመሳሳይ ጊዜ ወይም ለ1 ዓመት፣ ከሁለቱ ለሚያንሰው ጊዜ፣ እንደታደሰ ይቆጠራል።

የኪራዩን መጠንም ሆነ ሌላ የውል ቃል መለወጥ የሚፈልግ ወገን፣ በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ በቀር፣ ውሉ ከማብቃቱ ቢያንስ 90 ቀናት አስቀድሞ ለሌላው ወገን ማሳወቅ አለበት። ዲሴምበር 31 ለሚያበቃ ውል ማስታወቂያው በኦክቶበር መጀመሪያ መድረስ ይኖርበታል። በኖቬምበር አጋማሽ የሚላክ «ከመጪው ዓመት ጀምሮ ኪራዩ ጨምሯል» የሚል መልእክት ጊዜው አልፎበታል። ብዙ ተከራዮች ይህን ባለማወቅ፣ ሊከፍሉ የማይገባቸውን ጭማሪ ይከፍላሉ። ግዴታው ግን የሁለቱም ነው፤ ኪራይ እንዲቀነስለት የሚሻ ተከራይም በዚሁ የጊዜ ገደብ ይታሰራል።

ማስታወቂያው በጊዜው ቢደርስም አከራዩ የፈለገውን ያህል መጨመር አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ድንጋጌ ቁጥር 43 ጭማሪውን የሚለካው በአካባቢው ካለው ተመሳሳይ ቤት አማካይ ኪራይ ጋር በማነጻጸር ነው። ነባሩ ኪራይ ከአማካዩ እስከ 10 በመቶ ብቻ የሚያንስ ከሆነ ምንም ጭማሪ አይፈቀድም። ልዩነቱ ከ11 እስከ 20 በመቶ ሲሆን 5 በመቶ፣ ከ21 እስከ 30 ሲሆን 10 በመቶ፣ ከ31 እስከ 40 ሲሆን 15 በመቶ፣ ከ40 በመቶ ሲበልጥ ደግሞ 20 በመቶ መጨመር ይቻላል። ለምሳሌ በዓመት 60,000 ድርሃም የሚከፈልበት ቤት አማካይ ኪራዩ 70,000 ቢሆን፣ ልዩነቱ 14 በመቶ ገደማ ስለሆነ ጭማሪው ከ3,000 ድርሃም ሊያልፍ አይችልም። አማካዩን ማንኛውም ሰው በዱባይ የመሬት መምሪያ የኪራይ መረጃ ጠቋሚ ማየት ይችላል፤ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮም የሕንጻውን ደረጃ የሚያገናዝብ አዲስ ጠቋሚ ሥራ ላይ ውሏል። በአቡ ዳቢ ሥርዓቱ የተለየ ነው፤ ዓመታዊው ጭማሪ ከ5 በመቶ አይበልጥም፣ ውሉም «ተውሲቅ» በተባለው ሥርዓት ይመዘገባል።

ውሉ ሲያበቃ ተከራይን ማስወጣት የሚቻለው ቤቱ የሚፈርስ ከሆነ፣ ሰው እያለበት ሊከናወን የማይችል ከባድ እድሳት የሚያስፈልገው ከሆነ፣ አከራዩ ሊሸጠው ከፈለገ ወይም ለራሱና ለቅርብ ዘመዱ መኖሪያ ካስፈለገው ነው። ለዚህም በውል አዋዋይ ወይም በአደራ ደብዳቤ የ12 ወራት ማስታወቂያ መስጠት ግድ ነው። ለራሱ መኖሪያ ብሎ ያስለቀቀ አከራይ ቤቱን ለ2 ዓመታት ለሌላ ሰው ማከራየት አይችልም፤ ቢያከራይ የቀድሞው ተከራይ ካሣ ሊጠይቅ ይችላል።

እነዚህ መብቶች በውሉ ላይ ስሙ ለሰፈረው ሰው ናቸው። ክፍል ወይም አልጋ ከዋናው ተከራይ ተከራይተው የሚኖሩ ሠራተኞች ግን ከሁሉም ይልቅ ለችግር የተጋለጡ ናቸው። አከራዩ በጽሑፍ ካልፈቀደ ይህ ዓይነቱ ኪራይ ውሉ ከማብቃቱ በፊትም ሁለቱንም ሊያስወጣ ይችላል፤ ተባራሪው የሚቀርለት ዋናውን ተከራይ ካሣ መጠየቅ ነው። ስለሆነም በእድሳት ወቅት ፈቃዱን በጽሑፍ ማግኘትና አብሮ ነዋሪዎችን በ«ዱባይ ሬስት» መተግበሪያ ማስመዝገብ ያስፈልጋል። የታደሰው ውልም በ«ኢጃሪ» እንደገና መመዝገብ አለበት።

በጭማሪው ላይ ክርክር ሲነሳ ኪራይ መክፈል ማቆም አደገኛ ነው። አከራዩ ባስጠነቀቀ በ30 ቀናት ውስጥ ያልከፈለ ተከራይ ሊባረር ይችላልና። አከራዩ የነባሩን ኪራይ ክፍያ አልቀበልም ካለ፣ ገንዘቡን በዱባይ የኪራይ ክርክሮች ማዕከል በማስያዝ ጉዳዩን በዚያው ማቅረብ ይቻላል።