የጭንቅላት ጉዳት ቅድመ ሆስፒታል ሕክምና

የጭንቅላት ጉዳት ቅድመ ሆስፒታል ሕክምና አደጋው ከደረሰበት ቦታ አንስቶ ተጎጂው ሆስፒታል እስኪገባ የሚደረግለት ምርመራና እርዳታ ነው። አንጎል በተመታበት ቅጽበት የደረሰውን ጉዳት መንገድ ላይ መመለስ አይቻልም። የእርዳታው ዓላማ በኦክስጅን እጥረትና በደም ግፊት መውረድ የሚከተለውን ተደራቢ ጉዳት መከላከል ነው።

የመጀመሪያ እርዳታ

የአየር መንገድ ይከፈታል፣ አንገት እንዳይንቀሳቀስ ይደረጋል፣ ኦክስጅን ይሰጣል፣ የሚፈስ ደም ይገታል። ከጆሮ ወይም ከአፍንጫ ደም ወይም ጥርት ያለ ፈሳሽ ከወጣ የራስ ቅል ወለል ተሰብሮ ሊሆን ስለሚችል ቀዳዳው አይወተፍም። የደም ስኳርም ይለካል፤ የስኳር መውረድ ብቻውን ራስን ያስታል።

የግላስጎ ኮማ መለኪያ

ንቃተ ኅሊና በአብዛኛው የሚለካው የግላስጎዎቹ ግራሃም ቲስዴልና ብራያን ጄኔት በ1974 እ.ኤ.አ. ላንሴት መጽሔት ላይ ባወጡት መለኪያ ነው። ለዓይን መክፈት እስከ 4፣ ለንግግር እስከ 5፣ ለእንቅስቃሴ እስከ 6 ነጥብ ይሰጣል። ከ13 እስከ 15 ቀላል፣ ከ9 እስከ 12 መካከለኛ፣ 8ና ከዚያ በታች ከባድ ይባላል።

ጣሪያው ግን ሁልጊዜ 15 አልነበረም። በመጀመሪያው መለኪያ እንቅስቃሴ 5 ደረጃ ብቻ ስለነበረው ድምሩ ከ14 አይዘልም ነበር፤ ክንድ የማጠፍ ምላሽ ጤናማና ጤናማ ያልሆነ ተብሎ ሲከፈል አንድ ነጥብ ተጨመረ። ስለዚህ የቆዩ ጽሑፎችን ቁጥር ከዛሬው ጋር ማስተያየት ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ድምሩ ብቻውንም በቂ አይደለም። ዓይኑን በራሱ የሚከፍት፣ ድምፅ የማያወጣ፣ ሲያሙት እጁን የሚያሸሽ ሰው 9 ያገኛል። ሲያሙት ብቻ ዓይኑን የሚከፍት፣ የሚያቃስት፣ የሚያሳምመውን እጅ ለማስወገድ የሚሞክርም 9 ያገኛል። በዚህ የተነሳ ሦስቱ ነጥቦች ለየብቻ እንዲመዘገቡና ልኬታው በየጊዜው እንዲደገም ይመከራል። መጠጥ፣ ማደንዘዣና ያበጠ ዓይን ውጤቱን ሊያዛቡ ይችላሉ።

አከራካሪ ሕክምናዎች

ስቴሮይድ የአንጎልን እብጠት ይቀንሳል ተብሎ ለዓመታት ተሰጥቷል፤ በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው ክራሽ የተባለው ጥናት ግን ሞትን እንደሚጨምር አሳየ። የረጋ ደም እንዳይሟሟ የሚያደርገው ትራኔክሳሚክ አሲድ በ2019 እ.ኤ.አ. በወጣው ክራሽ 3 ጥናት መሠረት ጉዳቱ ከደረሰ በ3 ሰዓት ውስጥ ከተሰጠ ቀላልና መካከለኛ ጉዳት ያለባቸውን የሚጠቅም ይመስላል፤ ለከባዱ ጥቅሙ ግልጽ አልሆነም። በአምቡ (በእጅ በሚጨመቅ የማስተንፈሻ ከረጢት) ቶሎ ቶሎ ማስተንፈስ የአንጎል ደም ሥሮችን ስለሚያጠብ አንጎል በጎን ወይም ወደ ታች የመገፋት ምልክት ካላሳየ በቀር አይመከርም።

በኢትዮጵያ

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት አገልግሎት በ939 ይጠራሉ።