የነጭ ጭራ አጋዘን አደን በቴክሳስ

የነጭ ጭራ አጋዘን አደን በአሜሪካዋ ቴክሳስ ክፍለ ግዛት በስፋት የሚካሄድ ስፖርታዊ አደን ነው። ብዙ አዳኞች ሥጋውን ይፈልጋሉ፤ ሌሎች ደግሞ ትልቅ ቀንድ ያለው ጎልማሳ ወንዴ ገድለው ቀንዱን ለግዳይ ማስታወሻ ያስቀምጣሉ። ጎልማሳ ወንዴ የማግኘት ዕድል አደኑ በግል ወይም በሕዝብ መሬት በመካሄዱ በእጅጉ ይለያያል።

ዕድሜና ቀንድ

በኢትዮጵያ የሚገኘው የደጋ አጋዘን የድኩላ ዘመድ ሲሆን ቀንዱ አይረግፍም። የነጭ ጭራ አጋዘን ቀንድ ግን በየዓመቱ ረግፎ እንደገና ይበቅላል። የቀንዱን መጠን የሚወስኑት ዕድሜ፣ ምግብና ዘር ናቸው። ቀንዱ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ዓመት ባለው ዕድሜ ከፍተኛ መጠኑ ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ምንም ያህል ጥሩ ዘር ቢኖረው፣ በ2 ዓመቱ የተገደለ ወንዴ ትልቅ ቀንድ አያወጣም።

በግል መሬት

ከቴክሳስ መሬት ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው የግል ነው። በእንክብካቤ በተያዘ መሬት ላይ ባለቤቱ ወጣት ወንዴዎችን ከመግደል ይከለክላል፤ ሴቴዎችም እንዲታደኑ በማድረግ የመንጋውን ብዛት ከግጦሹ ጋር ያመጣጥናል። የክፍለ ግዛቱ የፓርኮችና የዱር እንስሳት መምሪያ ለዚህ የተዘጋጀ መርሐ ግብር አለው። ተመዝጋቢው ባለመሬት በይዞታው የሚታደኑትን አጋዘኖች ቁጥር የሚወስን ፈቃድና ረዘም ያለ የአደን ወቅት ያገኛል። አዳኞች በበኩላቸው ለባለመሬቱ የአደን ኪራይ ይከፍላሉ።

በሕዝብ መሬት

አቅም የሌለው አዳኝ ዓመታዊ የሕዝብ አደን ፈቃድ ገዝቶ ለዚህ በተከፈቱ ቦታዎች ማደን ይችላል። በአንዳንድ ቦታዎች ተራ የሚሰጠው በዕጣ ነው። በአነስተኛ ቦታ ብዙ አዳኝ ስለሚሰማራ ብዙ ወንዴዎች ሳይጎለምሱ ይገደላሉ። የተረፉትም ከሰው ሸሽተው ቀን ቀን ጥሻ ውስጥ ይውላሉ፤ አብዛኛውን እንቅስቃሴያቸውንም ወደ ሌሊት ያዞራሉ። በመሆኑም በሕዝብ መሬት ጎልማሳ ወንዴ ማግኘት ብዙ ትዕግሥትና ዱካ የመከተል ችሎታ ይጠይቃል።

ወጣቶቹን ለማትረፍ በብዙ አውራጃዎች የቀንድ ገደብ ወጥቷል። በሁለቱ ቀንዶች መካከል ያለው የውስጥ ስፋት ከ13 ኢንች (33 ሳንቲሜትር ገደማ) ያነሰ ወንዴ አይገደልም፤ ቢያንስ አንድ ቀንዱ ቅርንጫፍ የሌለው ከሆነ ግን ይፈቀዳል። ይህ ደንብ በግልም ሆነ በሕዝብ መሬት ይሠራል።

ክርክር

በቴክሳስ ሕግ የዱር እንስሳት የክፍለ ግዛቱ ሕዝብ ንብረት ናቸው። ወደ መሬቱ የሚያስገባው ግን ባለቤቱ ስለሆነ፣ ትልልቆቹ ወንዴዎች ገንዘብ ላለው ብቻ ቀርተዋል የሚል ወቀሳ ይሰማል። ደጋፊዎች በበኩላቸው የአደን ገቢ ባለመሬቶች ጫካውን እንዳይመነጥሩ ያበረታታል ይላሉ።

ሌላው አከራካሪ ጉዳይ ከፍተኛ አጥር ነው። በ1887 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የቡን ኤንድ ክሮኬት ክለብ፣ ማምለጫ በሌለው አጥር ውስጥ የተገደለን እንስሳ በክብር መዝገቡ አያሰፍርም። በ2015 እ.ኤ.አ. በቴክሳስ የአጋዘን ማርቢያ ውስጥ አጋዘንን አክስቶ የሚገድል ተላላፊ የአንጎል በሽታ መገኘቱም፣ አጋዘኖችን አጥሮ በማርባትና ከቦታ ቦታ በማጓጓዝ ላይ የሚደረገውን ቁጥጥር አጥብቆታል።