ኸልዋ

ኸልዋ በሱዳንና በምዕራብ ኢትዮጵያ የድንበር አካባቢ የሚታወቅ የቁርአን ትምህርት ቤት ነው። ቃሉ ዐረብኛ ሲሆን «ለብቻ መሆን» ማለት ነው፤ የሱፊ ሼኾች ለአምልኮ የሚገለሉበት ክፍልም በዚሁ ስም ይጠራል። ብዙዎቹ ኸልዋዎች ከሩቅ የመጡ ልጆች ከመምህሩ ዘንድ እየኖሩ የሚማሩባቸው የግል አዳሪ ቤቶች ናቸው። የሚተዳደሩትም በመምህሩ ቤተሰብና በአካባቢው ሰው ድጋፍ ነው።

ታሪክ

ኸልዋ በሱዳን በስፋት የተስፋፋው በፉንጅ ሡልጣኔት ዘመን (1504–1821 እ.ኤ.አ.) ነው። ገዥዎቹ ለሼኾች መሬት ይሰጡ ስለነበር መምህሩ ተማሪዎቹን የሚመግብበት እርሻ ያገኝ ነበር። ከሡልጣኔቱ ደቡባዊ ጠረፍ ጋር የሚዋሰነው የቤርታ ምድር በወርቁ የታወቀ ነበር። ወርቅ ፈልገው የመጡ የሱዳን ነጋዴዎች ከቤርታ ጋር ተጋብተው ሲቀመጡ፣ «ፈኪ» የሚባሉ የሃይማኖት መምህራንም አብረው መጡ። በአሶሳ ዞን የሚገኘው የመንጌ ወረዳ የዚሁ አካባቢ ክፍል ነው፤ ቤኒሻንጉል የሚለው ስም የመጣበት «ቤላ ሻንጉል» የተባለው የድንጋይ ተራራም እዚያው ነው። በ1890 ዓ.ም. ራስ መኮንን አካባቢውን ወደ ዐፄ ምኒልክ ግዛት ካስገቡ በኋላም ዐረብኛ የሃይማኖትና የንግድ ቋንቋ ሆኖ ቀጥሏል።

ትምህርትና የዕለት ኑሮ

በሱዳኑ ወግ ጀማሪ ተማሪ ፊደሉን በጣቱ አሸዋ ላይ ይጽፋል። ከዚያ ሉህ የሚባል የእንጨት ሰሌዳ ይሰጠዋል። ቀለሙ ከጥላሸትና ከሙጫ፣ ብዕሩ ከሸምበቆ ወይም ከማሽላ አገዳ ይዘጋጃል። ተማሪው የጻፈውን በቃሉ ሲይዝ ሰሌዳውን አጥቦ ቀጣዩን ይጽፋል። ከፋቲሐ ቀጥሎ የሚጠናው በቁርአኑ መጨረሻ ካሉት አጫጭር ምዕራፎች ጀምሮ ወደ ኋላ በመሄድ ነው።

ጥናት የሚጀመረው ከንጋት ሶላት በፊት ነው። ሼኹ በአንድ ጊዜ ለብዙ ተማሪዎች ቃል ያስጽፋል፤ እያንዳንዱ ልጅ የደረሰበትን የመጨረሻ ቃል ጮክ ብሎ ሲያሰማ ሼኹ ቀጣዩን ይነግረዋል። ማታ ግቢው መካከል በሚነደው እሳት ዙሪያ ይነበባል። እንጨት መልቀም፣ ውኃ መቅዳትና በሼኹ እርሻ መሥራት የተማሪዎቹ ድርሻ ነው። የሳምንቱ ዕረፍት ከረቡዕ ከሰዓት ጀምሮ እስከ ዓርብ ይዘልቃል፤ ረቡዕ ቤተሰቦች ለሼኹ መጠነኛ ስጦታ የሚሰጡበት ቀን ነው።

ተማሪው የታወቀ የቁርአን ክፍል ሲያጠናቅቅ «ሸራፋ» የሚባል በዓል ይደረግለታል። ሰሌዳው በሥዕል ያጌጣል፤ ወላጆቹም ለሼኹና ለጓደኞቹ ድግስ ያዘጋጃሉ።

ተመሳሳይ ወጎች

በወሎ «ደረሳ» የሚባለው ተማሪ ከቤተሰቡ ርቆ በመንደሩ ሰው ምግብ ይማራል። የኦርቶዶክስ የቆሎ ተማሪም በየደጁ በሚለምነው ቁራሽ እየኖረ ዜማና ቅኔ ይማራል። በሦስቱም ወጎች ተማሪውን የሚያኖረው መንደሩ ነው፤ ትምህርቱም በዋናነት በቃል ይያዛል።

ክርክሮች

አዳሪ ልጅ ከወላጆቹ ርቆ በአንድ ሰው ሥልጣን ሥር መዋሉ ለበደል ሊያጋልጠው ይችላል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የወጣ የቢቢሲ ዐረብኛ ምርመራ በሱዳን 23 ኸልዋዎች ልጆች በሰንሰለት ሲታሰሩና ሲደበደቡ አሳይቷል። ምርመራው ኸልዋ ያለ ቁጥጥር መቀጠል አለበት ወይ የሚለውን ክርክር አነሣሥቷል። ደጋፊዎቹ ግን ለድሃ ልጅ ያለ ክፍያ መጠለያ፣ ምግብና ንባብ የሚሰጥ ቤት መሆኑን ያነሣሉ።

ሌላው ጥያቄ የጊዜ ነው። የመደበኛው ትምህርት ቤት ሰዓትና የኸልዋው ጥናት ሲጋጩ ልጁ አንዱን ለመተው ይገደዳል። ቁርአኑን በጠዋትና በማታ፣ መደበኛውን ትምህርት በቀን ማድረግ ሁለቱን ለማስታረቅ ከሚወሰዱት መንገዶች አንዱ ነው፤ ሆኖም የእርሻ ሥራው ካልቀነሰ ለአዳሪው ልጅ የሚተርፈው የዕረፍት ሰዓት ጥቂት ነው።