የሚናማታ ባሕረ ሰላጤ ደለል

የሚናማታ ባሕረ ሰላጤ በደቡብ ጃፓን፣ በኪዩሹ ደሴት፣ በኩማሞቶ ግዛት ይገኛል። በባሕር ዳርቻ ደለል የከባድ ብረቶች ብክለት ጥናት ሲነሣ ስሙ በተደጋጋሚ ይጠቀሳል። ብክለቱ በኋላ ቺሶ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1968 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) አሴታልዲሃይድ ሲያመርት ከለቀቀው የሜርኩሪ፣ በቀድሞ አጠራሩ የባዜቃ፣ ፍሳሽ የመጣ ነው። ከባሕረ ሰላጤው ዓሣ የበሉ ሰዎችን ያጠቃው የሚናማታ በሽታ በይፋ የታወቀው በ1956 ነው።

የመርዙ ምንጭ

ዓሣው መጠርጠሩ ጊዜ አልወሰደም፤ ያስቸገረው ዓሣውን የመረዘው ምን እንደሆነ መለየት ነበር። በደለሉ ውስጥ ብዙ ዓይነት ብረት ስለተገኘ የኩማሞቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በመጀመሪያ ማንጋኒዝን፣ ቀጥሎ ሴሌኒየምንና ታሊየምን ጠረጠሩ። በ1959 ኦርጋኒክ ሜርኩሪ መሆኑን አስታወቁ። ከፋብሪካው መውረጃ አፍ የተዛቀው ጭቃ በቶን 2 ኪሎ ግራም ያህል ሜርኩሪ ይዞ ነበር፤ ከመውረጃው እየራቁ ሲሄዱ መጠኑ ይቀንሳል። በ1958 ፍሳሹ ወደ ሚናማታ ወንዝ አፍ ሲዞር፣ በዚያ አካባቢም አዲስ ሕሙማን ታዩ።

ፋብሪካው የሚጠቀመው ግን ኢኦርጋኒክ ሜርኩሪ ስለነበር ክርክሩ አልበረደም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ባሕር ውስጥ የተጣለ ፈንጂ ነው ያሉ ነበሩ፤ ከበሰበሰ ዓሣ የሚወጣ አሚን ነው ያሉም ነበሩ። የፋብሪካው ሐኪም ሃጂሜ ሆሶካዋ በ1959 የአሴታልዲሃይዱን ፍሳሽ ከምግብ ጋር ለአንዲት ድመት ያበሉ ጀመር። በመዝገቡ ቁጥሯ 400 ነው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ድመቷ ትንቀጠቀጥና ትንገዳገድ ጀመር፤ ዓሣ የበሉ የባሕር ዳር ድመቶችም ያሳዩት ይህንኑ ነበር። ውጤቱ ታፈነ፤ ፍሳሹም ተጨማሪ ዓመታት ወረደ። ይህ ከባድ በደል ነው።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሜቲል ሜርኩሪ ከራሱ ከፋብሪካው ዝቃጭ ተለይቶ ወጣ። በ1969 ደግሞ የስዊድን ተመራማሪዎች በደለል የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያንም ይህንኑ ውሕድ እንደሚሠሩ አሳዩ። በሚናማታ የሁለቱ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ አከራክሯል፤ አብዛኛው በፋብሪካው ውስጥ የተፈጠረ ነው የሚለው አስተያየት ሚዛን የሚደፋ ይመስላል።

ደለሉን ማንበብ

ብክለቱ መቼና ምን ያህል እንደነበረ ለማወቅ ቱቦ ወደ ባሕሩ ወለል ተሰክቶ ደለሉ እንደተደራረበ ይወጣል። የየንብርብሩ ዕድሜ በሊድ-210 (ግማሽ ዕድሜው 22 ዓመት ገደማ) ይሰላል፤ በ1963 አካባቢ ከኑክሌር ሙከራ የወረደው ሲዚየም-137ም ምልክት ይሆናል። ደቃቅ ጭቃ ከአሸዋ ይልቅ ብዙ ብረት ስለሚይዝ ከ63 ማይክሮን በታች ያለውን ብቻ መለካት ወይም ልኬቱን ከአሉሚኒየም ጋር ማነጻጸር የተለመደ ነው። ይህ ካልተደረገ ጭቃማ መሆኑ ብቻ ንጹሑን ዳርቻ የተበከለ ሊያስመስለው ይችላል።

ጽዳት

ከ1977 እስከ 1990 በሚሊዮን ከ25 እጅ በላይ ሜርኩሪ የያዘ 1.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ደለል ከፊሉ ተዛቀ፣ ከፊሉም ባለበት ተቀበረ፤ በላዩ 58 ሄክታር የብስ ተፈጠረ። ዓሣ ከባሕረ ሰላጤው እንዳይወጣ የተዘረጋው መረብ በ1997 ተነሣ።